የድሮ የመንገድ ምልክት ስታገኙ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ

ትራክ ነጂ ነኝ። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ውሎዬና አዳሬ ግን ሜሪላንድ፣ ፔንስልቬንያ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ኦሃዮ መንገድ ላይ ነው። ጓደኞቼ «ቆራሌው» ይሉኛል። ጋራዤን የሞላው መኪና ሳይሆን የድሮ የመንገድ ምልክት ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ባለቤቴ የምትለው ደግሞ እዚህ አይጻፍም።

ይህን የምጽፈው ጠያቂ ስለበዛ ነው። በተለይ ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጥተው ሥራ የጀመሩ ልጆች የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነው። የቱ ነው የድሮ? በምን ይታወቃል? ከየት ታመጣዋለህ? አያሳስርም ወይ? የመጨረሻው መልስ «ያሳስራል» ነው። እመለስበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቧቸው።

አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የምልክትን ፊት ማንም ያስመስለዋል። ጀርባውን ለማስመሰል የሚደክም ግን ጥቂት ነው።

ከመኪና ውስጥ ምን ይታያል

እየነዳችሁ ጀርባ ማየት አትችሉም። ስለዚህ ከሩቅ ዓይን የሚይዙ ነገሮችን ማወቅ አለባችሁ።

ቀላሉ ቀለም ነው። የስቶፕ ምልክት ሁልጊዜ ቀይ አልነበረም። በ1915 ዲትሮይት ላይ የቆመው የመጀመሪያው ስቶፕ ነጭ ሰሌዳ ላይ በጥቁር የተጻፈ ነበር። ስምንት ማዕዘኑ በ1920ዎቹ መጣ፤ ቀለሙም ቢጫ ሆነ። ለምን ቢጫ? በዚያን ጊዜ ፀሐይ የማያደበዝዘውና በሌሊት በደንብ የሚታይ ቀይ አልነበረማ። እንደዚህ ዓይነት ቀይ ሲገኝ፣ በ1954 የፌዴራሉ መመሪያ ስቶፕን ቀይ አደረገው። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ያለ እውነተኛ ቢጫ ስቶፕ ካያችሁ፣ ከዚያ ለውጥ በፊት የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሱቅ ከሆነ ያያችሁት ግን አትቸኩሉ። ቢጫ ስቶፕ ዛሬ በብዛት እየተመሳሰለ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

«ይልድ» (ቅድሚያ ስጥ) የሚለውን ምልክት ደግሞ ያመጣው ቱልሳ፣ ኦክላሆማ የነበረ ክሊንተን ሪግስ የሚባል ፖሊስ ነው፤ በ1950። እሱም ለረጅም ጊዜ ቢጫ ላይ ጥቁር ነበር። ቀይና ነጭ የሆነው በ1971 ነው። ቢጫ ይልድ ዛሬም አልፎ አልፎ የግል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይገኛል። እኔ ከቢጫ ስቶፕ ይልቅ ይህንን እወዳለሁ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው የሚያስመስለውም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ቅርጽ ነው። የዩ ኤስ ሀይዌይ ቁጥሮች የጸደቁት በኖቬምበር 1926 ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በጋሻ ላይ ነበር። የድሮው ጋሻ ከብረት በጋሻው ቅርጽ ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ከላይ የክፍለ ግዛቱ ስም፣ ከሥሩ «ዩ ኤስ»፣ ከዚያ ቁጥሩ። ጽሑፉ ከጀርባ ተመትቶ ወደ ፊት ያበጠ ነው። በ1961 የክፍለ ግዛቱ ስም ከመመሪያው ወጣ። ዛሬ በብዙ ቦታ የምታዩት በጥቁር ካሬ ላይ የተሣለ ነጭ ጋሻ የመጣው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ካሊፎርኒያ የምትነዱ ልጆች ግን ተጠንቀቁ። እዚያ በጋሻ ቅርጽ የተቆረጠው ምልክት እስካሁን አልቀረም። ቅርጹ ብቻ አያስደስታችሁ።

ሦስተኛው ፊደሉ ነው። ከ1948 በፊት የነበሩት ምልክቶች ፊደላቸው ማዕዘን ያለው፣ ደረቅ ያለ ነው። ኦው እንኳን ሳጥን ይመስላል። ከዚያ በኋላ ክብ ክብ ያለው ፊደል መጣ። ዓይናችሁ አንዴ ከለመደው በሃምሳ ማይል ፍጥነት ትለዩታላችሁ። በተረፈ፣ ዛሬ በሥዕል የሚነገረው በቃል ተጽፎ ስታዩ ጠርጥሩ። ወደ ግራ መታጠፍ ክልክል መሆኑን በቀይ ክብና በቀስት ሳይሆን በሦስት ቃል የሚናገር ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ዕድሜ አለው።

ሀይዌይ ላይ ያሉት ትልልቅ አረንጓዴ ሰሌዳዎችም የድሮ አላቸው። እያንዳንዱ ፊደል ላይ ትንንሽ ክብ አንጸባራቂ ተደርድሮበታል። ፈረንጆቹ በተን ኮፒ ይሉታል። በየዓመቱ እየተነሳ ስለሆነ ስታገኙት በዓይናችሁ ጥገቡ። ሰሌዳው ሙሉውን ጋራዥ ውስጥ አይገባም። ፊደሎቹ ግን ለየብቻ የሚፈቱ ስለሆኑ በገበያ ላይ አንድ በአንድ ይሸጣሉ።

ጀርባው

አሁን ምልክቱ እጃችሁ ላይ ነው እንበል። ወይ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሻጩ ታሪክ እያወራላችሁ ነው። ታሪኩን በጨዋነት ስሙ፤ እጃችሁ ግን ይገልብጠው።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። እኔ ቁልፌ ላይ አንድ ትንሽ አንጠልጥያለሁ። የቀድሞዎቹ ምልክቶች ብረት ናቸው፤ ማግኔት ይይዛቸዋል። አሉሚኒየም የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ማግኔት የማይዘው «የ1930ዎቹ» ምልክት ካቀረቡላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። በጦርነቱ ዘመን ብረት ስለጠፋ በእንጨትና በተጨመቀ ጣውላ የተሠሩም ነበሩ። እነሱን የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ዝናብ ብዙዎቹን ጨርሷቸዋል።

ቀጥሎ የምሰሶውን ጥላ ፈልጉ። ምልክት ለዓመታት ምሰሶ ላይ ሲኖር ምሰሶው የሸፈነው ቦታ ፀሐይም ዝናብም እንደ ሌላው አያገኘውም። ስለዚህ ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀለሙ የተለየ መስመር ይቀራል። የብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያም የዋሸሩ ክብ ምልክት ይታያል። ፊቱ ላይ ዝገት ሞልቶ ጀርባው ንጹሕ የሆነ ምልክት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየገበያው አያለሁ። የተቀባ ዝገት ነው። እውነተኛ ዝገት ከቀዳዳና ከጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ ከብሎኑ በታች ይረዝማል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተበተነ ዝገት በአንድ ቀን የመጣ ነው።

ማህተምም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሠሪው ስምና ከተማ ወይ ከጀርባ ወይ ከታች ጠርዝ ላይ በትንሹ ተመትቷል። ከሚገኙት አንዱ ላይል ሳይንዝ የሚባለው የሚኒያፖሊስ ምልክት ሠሪ ነው። አድራሻ ካለው ደስ ይበላችሁ። ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ የፖስታ ቀጠና ቁጥር ነው፤ ከ1943 እስከ 1963 የነበረ። አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ ካለው ከ1963 በኋላ ነው፤ ክርክር የለውም። ይህችን ዘዴ ያሳየኝ ሃገርስታውን አካባቢ ያለ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። እኔም ሳልሸጥ በነፃ እሰጣችኋለሁ።

ኢናሜሉ ለብቻው ነው። ኢናሜል ማለት የተፈጨ መስታወት ብረት ላይ ተነስንሶ በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ ነው። አገር ቤት የነበረው ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሳህን አይጠፋችሁም። ሲወድቅ ትንሽ ቁራጭ ይፈናጠርና ከሥሩ ጥቁር ይታያል። ምልክቱም እንዲያው ነው። ነገሩ አንድ ነው። የተፈናጠረውን ቦታ በደንብ እዩት። እውነተኛው ላይ ንብርብር አለው፤ ከላይ ቀለሙ፣ ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊ መደብ፣ ከዚያ ብረቱ። በጥፍራችሁ የፊደሉን ጠርዝ ስታልፉ ትንሽ ደረጃ ይሰማችኋል። እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ ስለተጋገረ ነው። ጥፍራችሁ ምንም ካልተሰማው ታትሞ የወጣ ነው ማለት ነው።

የሚያንጸባርቀው ምልክት ከሆነ ስልካችሁን አብርታችሁ በዓይናችሁ አጠገብ ያዙት። የቀድሞዎቹ የመስታወት አንጸባራቂ በፊደሉ ላይ ተሰክቶባቸዋል፤ ካት አይ ይባላል። የሚያንጸባርቅ ልጣፍ የመጣው በ1939 ነው። ልጣፉን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የንብ ቀፎ ዓይነት መረብ ካለው ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው። የንብ ቀፎ መረብ ያለው ምልክት የ1950ዎቹ ነው የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

የጥይት ቀዳዳ ዋጋ ይቀንሳል ብለው የሚያስቡ አሉ። ገጠር ውስጥ ምልክት ላይ መተኮስ የቆየ በሽታ ነው። እኔ ግድ የለኝም፤ እንዲያውም ይረዳኛል። ጥይት ብረቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ያወጣዋል፤ የቆየ ከሆነ የወጣው ጠርዝ ራሱ ዝጓል። በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ ለስላሳ ነው።

የት ይተርፋሉ

መንግሥት ሥራውን በደንብ የሚሠራበት ቦታ ላይ የድሮ ምልክት አይተርፍም። የሚተርፈው የተረሳ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው፣ ሀይዌይ ሲሠራ ጎን የቀረ መንገድ ነው። ምዕራብ ሜሪላንድ ውስጥ ኢንተርስቴት 68 ላይ የምትነዱ፣ አጠገባችሁ የድሮው ዩ ኤስ 40 እንዳለ ታውቃላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት በ1811 ከከምበርላንድ መሥራት የጀመረው የናሽናል ሮድ መስመር ነው። ፍሮስትበርግንና ግራንትስቪልን የሚያቋርጠውን ኦልተርኔት 40 ያዙ። ፔንስልቬንያ ስትገቡ በ1830ዎቹ የተተከሉ፣ ከቀለጠ ብረት የተሠሩ የማይል ዓምዶች እስካሁን ዳር ላይ ቆመው ታያላችሁ። እነዚህ አይነኩም፤ አይገዙም። ቆም ብሎ ማየት ብቻ።

ፔንስልቬንያ ሌላም አላት። በከተማ መግቢያ ላይ የሚቆሙ ሰማያዊና ወርቃማ የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። ቅርጻቸው የድንጋይ ቅስት አናት ላይ የሚገባውን ድንጋይ የመሰለ ነው፤ የክፍለ ግዛቱ መለያ። የከተማውን ስም፣ ስሙ ከምን እንደመጣ፣ መቼ እንደተመሠረተና የሚቀጥለው ከተማ ስንት ማይል እንደሆነ ይነግሯችኋል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የተተከሉ ናቸው። ጂፒኤስ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰሌዳ ይህን ሁሉ ሥራ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ በመኪና ተገጭተው፣ በበረዶ ጠራጊ ተመትተው ጠፍተዋል። የቀሩትን የሚያድሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ዩ ኤስ 30 ላይ ስትሄዱ የመንደር መግቢያ ላይ ቀስ በሉ።

የመንገድ ስም ራሱ ይመራችኋል። «ኦልድ» የሚል ቃል ከፊቱ ያለበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ድሮ ዋና መንገድ የነበረ ነው። የጂኦሎጂካል ሰርቬይ የድሮ ካርታዎች በነፃ ኢንተርኔት ላይ አሉ። የድሮውን መስመር ከዛሬው ጉግል ማፕ ጋር አስተያዩት፤ የሚለያይበት ቦታ ላይ መንገዱ ሞቶ የቀረ ቁራጭ ታገኛላችሁ። ስትሪት ቪው ላይ ደግሞ የቀድሞ ዓመታትን ፎቶ መክፈት ይቻላል። ምልክቱ ዛሬም ቆሞ እንደሆነ ከሶፋችሁ ሳትነሱ ታጣራላችሁ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ብሪዝውድ የምታድሩ ከሆነ በ1968 የተተወውን የተርንፓይክ (የክፍያ ሀይዌይ) ቁራጭ በእግር እዩት። ምልክት አትጠብቁ፤ እግራችሁን ግን ታፍታታላችሁ።

ሁለተኛው ቦታ የኛ የትራክ ነጂዎች ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የድሮ ፋብሪካ ግቢ ነው። የጡብ፣ የወረቀት፣ የሲሚንቶ፣ የድንጋይ ካባ። ግቢ ውስጥ ያለ ምልክት የግል ስለሆነ መንግሥት አይቀይረውም። ዶክ (ጭነት መጫኛና ማራገፊያ) ላይ ሦስት አራት ሰዓት ሲያስጠብቁን ሥራ በሚመድበን ዲስፓቸር ላይ ከመጮህ፣ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ ለብሶ ከተፈቀደው ቦታ ሳይወጡ ዙሪያውን ማየት ነው። እኔ ካገኘኋቸው ምርጥ ምርጦቹ ከእንደዚህ ዓይነት ግቢ ናቸው። ሥራ አስኪያጁን ትጠይቃላችሁ፤ ግማሹ ይስቅና «ውሰደው» ይላል። «ውሰደው» ያለውን በወረቀት አስፈርሙት።

ትራኩን ይዛችሁ ግን ገጠር መንገድ አትግቡ። ዝቅተኛ ድልድይና የክብደት ገደብ ያለበት መንገድ ለአሮጌ ቆርቆሮ ብሎ መግባት ሞኝነት ነው። በሥራ ቀን ያየሁትን ካርታ ላይ ምልክት አደርግና በዕረፍት ቀን በኮሮላዬ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው የገበሬ ጎተራ ነው። የድሮ ምልክት ጠንካራ ቆርቆሮ ስለሆነ ጣሪያ ተደፍኖበታል፣ የዶሮ ቤት ተሠርቶበታል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ ሳላለሳልስ ልናገር። ገጠር ውስጥ የማታውቁት ሰው ቤት ጀርባ አትዙሩ። የኛ መልክ ላላቸው ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። መኪናችሁን ከቤቱ ፊት በግልጽ አቁሙ፤ በቀን ሂዱ፤ በሩን አንኳኩና ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሰው ከሌለ ስምና ስልክ ጽፋችሁ የፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን በሩ ላይ ተዉ፤ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ወረቀት መክተት ራሱ ክልክል ነው። ስልክ ሲደወልላችሁ የሽማግሌው ወሬ ከምልክቱ ይበልጣል። ቸኩላችሁ ዋጋ አትጠይቁ።

ያሳስራል ያልኩት

መንገድ ላይ ቆሞ ያለ ምልክት የመንግሥት ንብረት ነው። የዛገ፣ የተጣመመ፣ ሣር የዋጠው ቢሆንም። መንቀል ስርቆት ነው። ወድቆ ብታገኙትም ያው ነው።

በ1996 ፍሎሪዳ፣ ታምፓ አካባቢ፣ ስቶፑ የተነቀለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሦስት የ18 ዓመት ወጣቶች ከትራክ ጋር ተጋጭተው ሞቱ። ምልክት ነቅለዋል የተባሉ ሦስት ወጣቶች በሰው መግደል ተከሰው በሚቀጥለው ዓመት 15 ዓመት ተፈረደባቸው። በ2001 ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም። ያን ትራክ ይነዳ የነበረውን ሰው አስባለሁ። በእኔ ቦታ ነው የነበረው።

እኛ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የስርቆት ጥፋት የኢሚግሬሽን ፋይል ውስጥ ይገባል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዜግነት እየጠበቃችሁ ከሆነ ለቆርቆሮ አትጫወቱበት።

በሕጋዊ መንገድ መግዛት ከባድ አይደለም። በርካታ ካውንቲና ክፍለ ግዛት ያረጀ ዕቃ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ምልክት አልፎ አልፎ ይገኝበታል። ፔንስልቬንያ ውስጥ በኦክቶበር ሄርሺ የሚደረገው የድሮ መኪና ገበያና ካርላይል በስፕሪንግና በፎል የሚደረጉት ለዚህ አካባቢ ሰው ዋናዎቹ ናቸው። በጠዋት ግቡ። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ደግሞ ሻጩ ጭኖ መመለስ ስለማይፈልግ ዋጋ ይወርዳል። መርካቶ የተከራከረ ሰው እዚያ አያፍርም። ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ፤ የሻጩ ስም፣ ቀን፣ የምልክቱ መግለጫ ይኑርበት። «ከየት መጣ?» ስትሉት የሚቆጣ ሻጭ ካለ ዕቃው ቢያምርም ተዉት። አዲስ የተቆረጠ ብሎን አሁንም ከቀዳዳው ውስጥ ካለም እንዲሁ።

ቆሞ ያለውን ስታገኙ ፎቶ አንሱት፤ ፊቱንም ጀርባውንም፤ አካባቢውም ይታይ። ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉ ግን ትክክለኛ ቦታውን አትጻፉ፤ ፎቶው ውስጥ ያለውን ሎኬሽንም አጥፉ። ሌባም ያነባል።

ቤት ከገባ በኋላ

በአሸዋ ወረቀት አትንኩት። የድሮ ቀለም፣ በተለይ ቢጫው፣ ሊድ (መርዛማው እርሳስ) አለበት ብላችሁ ተነሱ። ጓንት አድርጉ፤ የተላጠውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ፤ ልጆች አይጠጉ። ኩሽና ውስጥ አይታጠብም። እኔ ከውጭ ላስቲክ ዘርግቼ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ነው የማጥበው። ኢናሜል ላይ ያለ የዝገት እድፍ ባር ኪፐርስ ፍሬንድ በሚባለው ማጽጃ ይለቃል፤ በቀስታ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራችሁ። ቀለም በተቀባው ላይ ግን አይሞከርም። ከደረቀ በኋላ የመኪና ሰም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት።

አዲስ ቀለም መቀባት? በእኔ ቤት አይደረግም። አንድ ወዳጄ የሚያምር ጋሻ እንደ አዲስ ቀብቶ አሳየኝ። ምን ልበለው፤ «ጎሽ» አልኩት።

ለመስቀል አዲስ ቀዳዳ አትብሱ፤ የነበሩትን ተጠቀሙ። የኢናሜሉ ከባድ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ያለውን እንጨት ፈልጋችሁ እዚያ ላይ እሰሩት። ብሎኑና ምልክቱ መካከል የላስቲክ ዋሸር አድርጉ፤ አለበለዚያ ስታጠብቁት ኢናሜሉ ይፈናጠራል። ስቶፕ ከሆነ ደግሞ ወደ መንገድ እያየ ግቢያችሁ ውስጥ አትትከሉት። በብዙ ክፍለ ግዛት ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንም፣ ማታ የሚመጣ ሹፌር በእውነት ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ላይቆም ይችላል።